«የመጀመሪያውን አምጣ»

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር፣ አናቱ ላይ አንድ ዛፍ እንኳ ስላልነበረ። ደቡብ ሊባኖስ ውስጥ ነው፤ የእስራኤል ጦር ጠቅልሎ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በብርዱ ወቅት። አሥራ አንድ ሆነን አንድ ምሽግ እንጠብቅ ነበር። ልጆቼ እዚህ እስራኤል ተወልደው፣ እዚሁ ወታደር ሆነው ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ጀግንነት የማወራላቸው ይመስላቸዋል። እኔን ግን ከተኩሱ ይልቅ የሚመላለስብኝ የካሴት ነገር ነው።

ቴፑ የሁላችን፣ የጓዱ የጋራ ነበር። በሱም የሚሰማው አንድ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመት የዘፈኑ፣ ዘጠኝ አልበም ያወጡ ሰዎች። «ሽማግሌዎቹ» እንላቸዋለን። ለዕረፍት የወረደ ሰው ከአልበሞቻቸው አንዱን በካሴት ገዝቶ ይመለሳል። የትኛውን እንደሚገዛ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ በምርጫው ማንም አያጉረመርምም። ሕጉ ይኸው ነበር።

እኔ ጓዱን ስቀላቀል አራቱ ተገዝተው ነበር፣ ሁሉም ከመካከለኛው ዘመናቸው። ከጎንደር እስራኤል ከገባሁ ገና አራት ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ለዕረፍት ስወርድ ማንም ግዛ አላለኝም። «ፈረደን ተዉት፣ የሱ ሙዚቃ ሌላ ነው» ይሉ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ ቢሆንም ቆረቆረኝ። አብሮ ዘብ የሚቆም ሰው አብሮ መምረጥ እንዴት ያቅተዋል?

ሦስተኛው ዕረፍቴ ሲደርስ ስለኔ የተናገረው አቭነር ነው። አቭነር የመገናኛ ሬዲዮ ተሸካሚያችን ነበር፤ እንደኔው ከሰሜን እስራኤሏ ከተማ ከአፉላ። ወላጆቹ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር፣ የኔዎቹ ከታች መሀል ከተማው ይኖሩ ነበር። «በዚህ ዙር ፈረደ ይመርጣል» አለ። ማንም አልተቃወመም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መኪናው ላይ ልወጣ ስል ግን ተከትሎኝ መጣና፣ «የመጀመሪያውን አምጣ። የመጀመሪያ አልበማቸውን፣ እሺ?» አለኝ።

እስከ ድንበሩ ድረስ ሲከነክነኝ ሄደ። ምረጥ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ራሱ መረጠልኝ። ስድስት ወር ሙሉ መራጭ ልሁን ብዬ ጠብቄ ተላላኪ ልሁን? በዚያ ዕድሜዬ እልኸኛ ነበርኩ፤ ሚስቴ ዛሬም አልተወህም ትለኛለች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ወደነበረችው ካሴት ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ሻባት፣ የቅዳሜው ሰንበት፣ ሳይገባ ሊዘጋ ይጣደፋል። ሁለት ካሴት አነሣሁ፣ የመጀመሪያቸውንና የመጨረሻቸውን። በመጀመሪያው ሽፋን ላይ ጸጉራቸው የተንጨባረረ አምስት ጎረምሶች ቆመዋል። በመጨረሻው ላይ እነዚያው ሰዎች፣ ጺማቸው ሸበት ብሎ፣ ተቀምጠዋል።

«ላሰማህ?» አለኝ ባለሱቁ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አሰማኝ። ጎረምሶቹ የሚያሳድዳቸው ያለ ይመስል ይጮኻሉ። ትልልቆቹ ረጋ ብለው ነው የሚዘፍኑት። ቃሉ ባይገባኝም ያደግሁበት ሥርዓት ትዝ አለኝ፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ጎረምሳ አይቀድምም። «ይኼን» አልኩና የመጨረሻውን ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሽማግሌ ከማክበሩ እልሁ ይበልጥ ነበር።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሽጉ ደረስኩ። አቭነር ካሴቱን አገላብጦ አየው።

«የመጨረሻውን?»

«የወረደው ይመርጣል» አልኩት።

«ልክ ነህ፣ ይመርጣል።» ፈገግ አለ፤ ቅር እንዳለው ግን ፊቱ ያሳብቅ ነበር። «ግድ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራዬ ነው፣ የመጀመሪያውን ራሴ አመጣዋለሁ።»

ካሴቱን ሰማነው፤ ልጆቹ ወደዱት። የጓድ አዛዣችን «ፈረደ ጆሮ አለው» አለ። ከመጣሁ ጀምሮ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ስሰማው ግን አቭነርን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ልንፈትሽ ወረድን። ሰባት ነበርን። ጭጋግ ነበር። ከፊት ሽሙኤል የሚባል ልጅ፣ ቀጥሎ አዛዡ፣ ከአዛዡ ኋላ አቭነር፤ እኔ የመጨረሻው። ድልድዩን አለፍን። መታጠፊያው ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ከማዶ ተኮሱብን። ተኛን፤ ተኮስን። አራት ወይም አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ማዶው ዝም አለ። አዛዡ ሞቶ ነበር። አቭነር ከሱ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ወድቋል። ሬዲዮው አልተመታም፤ «መልሱ፣ መልሱ» ይላል። ከጀርባው ፈትቼ ለጥሪው የመለስኩት እኔ ነኝ። ሄሊኮፕተሩ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣ።

በአይሁድ ልማድ የሐዘኑ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የመጀመሪያውን አልበም ገዝቼ ወደ አቭነር ወላጆች ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ እናቱ ናት። ልጅሽ አንድ ነገር ለምኖኝ ከለከልኩት ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ይዛ ሰማችኝ። ካሴቱን አየችውና ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ ሸክላ አወጣች። ያው አልበም ነው፣ ሽፋኑ ጠርዝ ጠርዙን አልቋል።

«ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ እዚህ ነው፣ ልጄ። በቃሉ ያውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አምጣ አለኝ?»

«ለአንተ ነዋ። በመጨረሻው ዕረፍቱ ነግሮኛል። ‹ሌሎቻችን ድሮ ሰምተነዋል፤ ፈረደ ብቻ ነው ከመሀል የጀመረው፤ እሱም ከመጀመሪያው ይስማ› አለኝ።»

ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። ከዳር እስከ ዳር አብረን ሰማነው። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ከአሥራ አንዳችን ሦስት ሞቱ። አዛዡና አቭነር እዚያው፣ ሽሙኤል ከአሥር ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ። ሁለት ቆሰሉ። ብርዱ ሲያልፍ ኮረብታውን ለቀን ወጣን፤ ዛሬ ማን እንደሚቆምበት አላውቅም። ፈንጂው እኔ በመረጥኩት ካሴት እንዳልፈነዳ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ያለውን ሊያካፍለኝ ፈለገ፤ እኔ ሊያዝዘኝ መስሎኝ እንቢ አልኩት።