ያላጠጣሁት አበባ

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው ፖሊሶች ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከሚኒባስ አወረዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ሠላሳ እስረኛ ሲተነፍሰው ያደረው እንፋሎት ጠዋት ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ ይወርድብናል። ከብርዱ ያስጣለንም እሱው ትንፋሻችን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ፖሊስ በቀለም ባልዲ የተተከለ አበባ ይዞ ገባ። የጣቢያው ኃላፊ ንብረት ነው። ፀሐይ ይምታው ብለው ደጅ አውጥተው ረስተውት፣ ውርጭ አድሮበት፣ ሰፋፊ ቅጠሎቹ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረዋል።

«እናንተ ጋ ይሞቀዋል» አለ። «ከሞተ ቅዳሜ ጠያቂ አይገባም ተብሏል።»

ስያዝ ሚስቴ የመውለጃዋ ሰሞን ነበር። ቅዳሜ እህቴ ከአገራችን ከጎረቤላ ወሬዋን ይዛልኝ ትመጣለች። ትውለድ፣ ትትረፍ፣ የነገረኝ የለም።

ዓርብ ሲነጋ ባልዲው ላይ ውሃ ተኝቷል።

«ማነው ያጠጣው?» አልኩ።

አብረውን የታሰሩት ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ጸበል ጠብ አደረግሁበት እንጂ አላጠጣሁም።»

«እኔም ከውዱዬ የተረፈችውን ነው» አሉ የአልዩ አምባው ሽማግሌ ነጋዴ። «ወላሂ፣ አንድ ስኒ አትሞላም!»

ሌላውም እንደዚያው። ጠያቂ የሚጠብቅ ሁሉ ከመጠጫው ቀንሶ አፍስሶበታል።

«ውርጭ ያልገደለውን እናንተ ልትጨርሱት ነው?»

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» አለኝ አንዱ ከጥግ።

«የባሕር ዛፍ ችግኝ አፍልቼ ነው የምኖረው።»

ባልዲውን ገለበጥኩት። ግማሹ ሥር በስብሶ ሸተተ። የበሰበሰውን በጥፍሬ ቆረጥኩ፣ ጭቃውን ካርቶን ላይ አስጥቼ አጠፈፍኩ፣ ከፖሊሱ ሚስማር ለምኜ የባልዲውን ቂጥ በሳሁ፣ መልሼ ተከልኩት። የጠቆረውን ቅጠል አልነካሁም፤ ግንዱን ከብርድ ይከልልለታል። «ከእንግዲህ ጠብታ እንዳይነካው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ኃላፊው ራሱ መጣ። አፈሩን በጣቱ ነካ አደረገና ጆግ አስጨበጠኝ።

«ደርቋል። አጠጣው።»

«አሁን ከጠጣ ይሞታል።»

«አጠጣው አልኩህ! ጠያቂ አትፈልግም?»

«ልጄ፣ አጠጣውና ይለፍልህ» አሉኝ ቄሱ በሹክሹክታ።

ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አላጠጣም።»

«የዚህን ሰው ጠያቂ መልሱ» ብሎ ወጣ። እሱም አላጠጣውም።

የእህቴን ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ። የምትለው ግን አይለይም። ስትጮህ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት፣ ሳምንት ሙሉ ሳላውቅ ከረምኩ። ሴት ልጅ መወለዷን የሰማሁት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። አበባው ጫፉ ላይ አቆጥቁጦ ነበር፤ ኃላፊው አስወሰደው።

ልጄ አሁን ትሮጣለች። ሚስቴ ሲከፋት «እኔ ሞቼ እንደሆነስ? ለሰው አበባ ብለህ! ብታጠጣው ምን ነበረበት?» ትለኛለች።

«ይበሰብስ ነበር» እላታለሁ።

የጠየቀችኝ እሱን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እዚያ እስር ቤት ውስጥ ካሰሩኝ ሰዎች የተሻለ የማውቀው አንድ የተክል ነገር ብቻ ነበር።