ሳይፈተሽ የወጣው ቢጫ ቫን

እስከ ዛሬ ድረስ መኪና ከቆመበት ሲነሳ መሬቱን አያለሁ። የማላውቀው ሰው መኪናም ቢሆን ቆም ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ደረቅ ከሆነ መንገዴን እቀጥላለሁ። እርጥብ ከሆነ ውሃ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልሄድም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ቶሮንቶ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ የወለል ሸክላ የሚያከፋፍል መጋዘን እሠራ ነበር። መጀመሪያ ካርቶን እደረድር ነበር። በኋላ አለቃችን እጅ ጽሑፌ ንጹሕ መሆኑንና አርፍጄ እንደማላውቅ አይቶ የጠዋቱን የመኪና ፍተሻ ሰጠኝ። ስምንት ቫኖች መጋዘኑ ውስጥ ያድሩ ነበር። ቁልፎቻቸው ከጠረጴዛዬ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ይንጠለጠላሉ። እኔ ፈትሼ፣ ፎርሙ ላይ ፈርሜ ቁልፉን ካልሰጠሁ ማንም ሹፌር አይወጣም። ችግር ያለበት መኪና መሪ ላይ ቀይ ካርድ አንጠለጥላለሁ፤ ያ መኪና ጋራዥ ይሄዳል።

ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውን ብቻዬን አያለሁ። ፍሬኑ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሹፌሩ ገብቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ «ርገጥ» እለዋለሁ። ፔዳሉን ረግጦ ይዞ እስከ አስር ይቆጥራል። አስር እስኪል ፔዳሉ ከእግሩ ስር ወደ ታች ካልሰመጠ ፍሬኑ ደህና ነው። ከሰመጠ መኪናው አይወጣም። አንድ ጃማይካዊ ሹፌር ነበረን፤ ቁጥሩን እየዘፈነ ይቆጥር ነበር። በእንግሊዝኛ ሰው ማዘዝ ለእኔ ከባድ አልነበረም።

ከባድ የሆነብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ያኔ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ። አገር ቤት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሃያ ዓመት ነድተዋል። ፓርክዴል አንድ ክፍል ተከራይተው ወራት ያለ ሥራ ከቆዩ በኋላ ለአለቃዬ ተናግሬ ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ እላቸው ነበር። ጠዋት ሲገቡ ከወንበሬ እነሳለሁ። ሌሎቹ ሹፌሮች ይስቃሉ፤ ግን አልተውኩም። ተነስቼ የተቀበልኳቸውን ሰው ደግሞ መኪና ውስጥ አስገብቼ ርገጡ፣ ልቀቁ፣ ቁጠሩ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደምንም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ የሸክላ ካርቶን ሳይሆን የነዳጅ ቦቴ ቁልቁል ያወረድኩ ሰው ነኝ» ይሉኛል። «ይቺን አይጥ የምታክል መኪና አንቺ ልትፈትሺልኝ?»

«ደንቡ ነው፣ ጋሼ።»

«ደንቡ ለእነዚህ ልጆች ነው። ፈርሚ፣ በአላህ፣ መንገድ እንዳይጨናነቅብኝ።»

እፈርም ነበር። እሳቸው ራሳቸው ፈትሸውታል ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ።

የመጋቢት ጠዋት ነበር። ማታ የገቡት ቫኖች በረዶ ተሸክመው ስለነበር ወለሉ ሁሉ ውሃ ነበር። ጋሼ እንደ ወትሮው መጡ፣ ተነሳሁ፣ ፈረምኩ፣ ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቢጫው ቫን ሸክላውን እንደ ጫነ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ ጃማይካዊው ሲቀር ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ።

የቢጫው ቫን ቦታ ላይ፣ የኋላ ግራ ጎማው በነበረበት በኩል፣ የሰሃን ያህል እርጥበት ነበር። መጥረጊያው ሲያልፍበት አልሄደም። ቁጢጥ አልኩና በጣቴ ነካሁት። በሁለቱ ጣቶቼ መካከል ተንሸራተተ። አሸተትኩት። ውሃ አልነበረም። የፍሬን ዘይት ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ ቁጭ እንዳልኩ አላውቅም። ረጅም አይመስለኝም። የማስታውሰው እጄን ልብሴ ላይ እየጠረግኩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየቴን ነው። ከወጡ ሃያ ደቂቃ ሆኗቸዋል። የመጀመሪያ ማድረሻቸው ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለ የግሪኮች የግንባታ ዕቃ ሱቅ ነው። እዚያ ለመድረስ ወደ ወንዙ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያልፋሉ። ሙሉ ጭነት ይዘዋል። በዚያን ጊዜ ሹፌር ኪስ ውስጥ ስልክ የለም፤ ቫኖቹም ሬዲዮ አልነበራቸውም። አንዴ ከበሩ ከወጡ የሚያገኛቸው ሰው የለም።

ፎርሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ፍሬን» ከሚለው ፊት ለፊት ትክክል የሚለውን ምልክት አድርጌ፣ ስሜን በንጹሕ እጅ ጽሑፌ ጽፌአለሁ። ለአለቃዬ ብነግር ሥራዬን እንደማጣ አሰብኩ። አዎ፣ ያንን አሰብኩ። ወደ ቢሮው በር ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ ሲቀበሉ «ተባረኪ» ያሉት ጆሮዬ ላይ መጣና እንደገና ሄድኩ።

አለቃዬ አጭር፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነበር።

«ቢጫው ቫን ፍሬን ያፈሳል» አልኩት።

«ፈርመሽበት የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ። አልፈተሽኩም።»

ፊቱ ተለወጠ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጃማይካዊውን ጠርቶ በቢጫው ቫን መንገድ ተከትሎ እንዲሄድ አዘዘው። ለእኔ የሱቁን ስልክ ቁጥር ወረወረልኝና «ደውዪ» አለኝ።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ግሪክ አነሳው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ቢጫ ቫን መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልመጣም አለ።

«ሲመጣ አቁሙት። ከዚያ እንዳይነዳ» አልኩት።

«ለምን? ምን ሆነ?»

በየቀኑ የምጽፈው የእንግሊዝኛ ቃል ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ። «ፍሬን» አልኩ በአማርኛ። እሱ ግን ገባው። ለካ እነሱም እንዲሁ ይሉታል።

«ፓናጊያ!» አለ። ትርጉሙን ባላውቅም ድምፁ አስፈራኝ። «ከዚያ ቁልቁለት ነው የሚመጣው?»

«አዎ።»

«በር ላይ እቆማለሁ» ብሎ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ የምሠራው ነገር አልነበረም። አለቃዬ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል፤ እኔም አያለሁ። ውጭ አንድ አምቡላንስ ሲያልፍ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ከወራት በፊት ለጋሼ ሥራ ስጠይቅላቸው «ጥንቁቅ ሹፌር ናቸው» ያልኩት ትዝ አለኝ። ሚስታቸው አገር ቤት እንዳሉ፣ የሚልኩትን ደብዳቤ ለጋሼ የማነብላቸው እኔ እንደሆንኩ አሰብኩ። መልሱን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ምን ብዬ እጽፍላቸዋለሁ? ይህን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ስልኩ ሲጮህ አለቃዬ አንሺው ብሎ በእጁ አሳየኝ። ግሪኩ ነበር።

«ሰውዬሽ መጥቷል» አለ። «በእግሩ።»

«መኪናውስ?»

«በረዶ ውስጥ። ደህና ነው፣ ደህና ነው። ሻይ እያጠጣሁት ነው። ተቆጥቷል።»

ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰምጦባቸው ነበር። ማርሹን ወደ ዝቅተኛው መልሰው፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳቡ፣ ቀኝ ጎማዎቹን መንገድ ዳር ወደ ተቆለለው በረዶ አስገብተው አቁመውታል። ከፊታቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው፤ የአውቶቡሱን ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩኝ።

ጃማይካዊው ይዟቸው ሲመጣ ተነስቼ ቆምኩ። ጫማቸው በበረዶ ርሶ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ማነሽ አንቺ፣ ለሽማግሌ አፍረሽ ሽማግሌ ልትቀብሪ ነበር?»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«አንቺ ምን? እኔስ ሞኝ ሽማግሌ ነኝ፣ ፈርሚ ብዬ ለመንኩሽ። አንቺ ግን ቁልፉ በእጅሽ ነው።» ቆም ብለው ተነፈሱ። ኮፍያቸውን መልሰው ደፉት። «አሰብ አስተምሮኛል እያልኩ ስፎክር፣ ከልጅ ጋር ተሟግቼ ልሞት ነበር እኮ።»

ጃማይካዊው ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። «ተቆጥተዋል» አልኩት። «ልክ ነው» አለ።

አለቃዬ በዚያው ቀን ፎርሙን አምጥቶ ከፊርማዬ ስር «አልተፈተሸም» ብዬ እንድጽፍ አደረገኝ። ጻፍኩ። አላባረረኝም። ጋሼንም አላባረረም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ግን ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ይቆም ነበር። ከእሱ ይልቅ ወለሉን እፈራ ነበር። እያንዳንዱን የውሃ ጠብታ በጣቴ እነካ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ መጡ። የሰጠናቸው ሌላ ቫን ነበር፣ ነጭ። ተነሳሁ። እሳቸው ቁልፉን ሳይጠይቁኝ በሩን ከፍተው ገብተው ተቀመጡና መስኮቱን አወረዱ።

«እህሳ» አሉ። «እዘዢ እንጂ።»

ከቫኑ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። አለቃዬም ሌሎቹ ሹፌሮችም ያዩኛል።

«ይርገጡ፣ ጋሼ» አልኩ።

ቀዩ መብራት በራ።

«ይዘው ይቁጠሩ።»

ጮክ ብለው ቆጠሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ልክ እንደ ተማሪ። እኔ የጎማዎቹን ሥር ሥር አያለሁ። አስር ላይ ደረሱ።

«ሰመጠ?»

«አልሰመጠም።»

ፎርሙን አነሳሁ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ እጄ ቆመ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«እንደገና ይቁጠሩ» አልኳቸው።

ቆጠሩ።