ሰሊጡ ሊረግፍ ሲል የደነዘዘው እጄ

በወጣትነቴ ከሽንፋ እስከ ሱዳን ድንበር እኔን የሚደርስ ሰሊጥ አጫጅ አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ። ከዚያ በኋላ ማጭዱ ራሱ ከእጄ ይወርድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ከተማ ጤና ጣቢያ ሐኪሙ የእጄን አንጓ በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርገው ንዝረቱ አውራ ጣቴ ድረስ ሮጠ። «እዚህ ጋ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል። በቤተሰብ እንዲህ የሚያመው ሰው አለ?» አለኝ። መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ክፍል በአንዴ እርጥብ ሰሊጥ ሸተተኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የእናቴ ማሳ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ደርሷል፤ ከሦስት ቀን ካለፈ የዓመት ልፋታችን መሬት ላይ ይፈስሳል። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች ስለነጎደ ያገኘነው አንድ ጎጃሜ ብቻ ነበር።

ገና ሲነጋ እንደ ትራክተር ገባሁበት። ጎጃሜው ከኋላዬ ሆኖ፣ «ኧረ በሞቴ! ይሄ እጅ ነው ሞተር?» አለ። ረፋዱ ላይ ሦስት ጣቶቼ ደነዘዙ፤ በርበሬ የነካቸው ይመስል ለበለቡኝ፤ ማጭዱም እግሬ ሥር ዱብ አለ።

«በዓይንህ በላኸኝ! በል እንትፍ በልልኝ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁለት።

ምስኪኑ በዚያ ፀሐይ ምራቅ ከየት ያምጣ? ከጀሪካኑ ተጎንጭቶ እንትፍ እንትፍ አለልኝ። እጄ ታጠበ እንጂ አልነቃም።

እናቴ የያዘችውን ነዶ ጥላ እየሳቀች መጣች። «ተወው አንተ፣ ሰውየው ምን አደረገህ? ይሄ የእኔ ነው» አለችና ቀኝ እጇን ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፈችው። በየማለዳው እንዲያ ስታደርግ ዶሮ የምታባርር ይመስለኝ ነበር። ዶሮ እንኳ አልነበረንም። «አያትህንም እንዲሁ ያደርጋት ነበር። አራግፈውና ቀስ እያልክ እጨድ።»

ሐኪሙም ከዚህ የተለየ አልነገረኝም፤ በዘር ይመጣል፣ እጅ የሚያደክም ሥራ ያባብሰዋል፣ ውፍረትም ይጨምርበታል። ውፍረት ሲል ሆዴን አየት አደረገ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ።

ሰሊጡ በሦስተኛው ቀን ታጭዶ አለቀ፤ ነዶው ተደግፎ ቆመ፤ የረገፈ ነገር አልነበረም። ለዓመታት «ያን ማሳ ያተረፍኩት እኔ ነኝ» እያልኩ አውርቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «እጄን» ብዬ ቀሪውን ሁለት ቀን ግራር ሥር ተጋድሜ ነው ያሳለፍኩት። ያጨዱት ጎጃሜውና እናቴ ናቸው። በየሃያ እርምጃው ቆማ እጇን ስታራግፍ፣ ፊቴ ላይ በጣልኩት ባርኔጣ ቀዳዳ አጮልቄ እመለከታት ነበር። የእሷ ከእኔ እንደሚብስ አውቅ ነበር። አልተነሳሁም።