ሳሪስ አቦ የደረሰው የተማሪዎች አውቶቡስ

ወልደሚካኤል የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ባቡሩ ሰዓቱን ጠብቆ ሲያልፍ እያየ ስላደገ ይሁን በተፈጥሮው፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ሥራውን የሚወድ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ወጣው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመሥሪያ ቤቱ የደረሱት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ጥፋት። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፌርማታ ላይ ቆሞ ካየ የኋላውን በር ይከፍትለትና በነፃ ያሳፍረዋል። ተቆጣጣሪ በያዘው ቁጥር «ልጁ ሊረፍድበት ነበር» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ሚስቱ ያለምወርቅ ሦስተኛው ደብዳቤ የመጣ ቀን «ሰው ዲፕሎማ ይሰበስባል፣ አንተ ማስጠንቀቂያ ሰብስብ» ብላ ስቃበታለች።

እንግዲህ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለከተማው ተማሪዎች ነፃ የአውቶቡስ ካርድ ታደለ። የልጁ ፎቶና ስም ያለበት ካርድ ነው። ልጁ ሲሳፈር በሩ አጠገብ ወዳለው ማሽን ያስጠጋዋል፤ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አለቀ። የወልደሚካኤል አውቶቡስም ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለተማሪ ብቻ ተመደበ። ድሮ ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ አልፎ ሳሪስ አቦ ድረስ ይሄድ የነበረው፣ አሁን አቃቂ ባለው ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ልጆቹን አራግፎ እንዲመለስ ሆነ።

የሥራ ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ሊያስደስቱት ፈለጉ። «ይኸው ወልዴ፣ የአንተ ጥፋት ሕግ ሆነ» አሉት። እሱም «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ጥሩ መሆኑን ያውቀዋል። ግን የሰማው ነገር ከጆሮው አልፎ ውስጥ አልገባም። ያለምወርቅ ከሞተች ገና አንድ ወሯ ነበር።

ያለምወርቅ የሞተችው ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም መሐል ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስታጠነጥን ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በሁለት ዓመቷ ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ወዳለ ክሊኒክ እየሄደች ደሟ ይታጠብ ጀመር። የምትሄደውም በባሏ አውቶቡስ ነበር። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከኮዬ ፈጬ አብረው ይወጣሉ፤ እሷ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ትቀመጣለች፣ እሱ ይነዳል። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ፌርማታው ላይ ሲደርሱ የፊቱን በር ይከፍትና ይጠብቃታል። መውረድ ጊዜ ይፈጅባት ነበር። ብረቱን ይዛ አንድ እግሯን ታወርዳለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ሌላውን ታስከትላለች። ከኋላ ክላክስ ሲነፋበት ወልደሚካኤል ዞር ብሎም አያይም ነበር። እንዲህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተመላለሱ።

ለቅሶው ላይ አላለቀሰም። የእድሩ ሰዎች «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ቻለው» ብለው አመሰገኑት። እሱ ግን የቻለው ነገር እንደሌለ ለራሱ ያውቀው ነበር። ሲይዙት ይያዛል፣ ሲያስቀምጡት ይቀመጣል፣ ብላ ሲሉት ይበላል። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶ ያደነዘዘው ድድ ሲነኩት እንደማይታወቀው ሁሉ፣ ሁለመናው እንደዚያ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። አዳማ የምታስተምረው አንዲት ልጁ ማታ ማታ እየደወለች «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ትለዋለች። «ደህና ነኝ» ይላታል። ውሸቱን አልነበረም፤ የሚያመው ነገር አላገኘም።

ጥቅምት ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንደ ሁልጊዜው ከኮዬ ፈጬ ተነሳ። ከስድሳ በላይ ልጆች አሳፍሯል። በሩ ላይ አስቴር አለች፤ ድሮ ትኬት ቆራጭ የነበረች፣ አሁን የልጆቹን ካርድና ማሽኑን የምትጠብቅ ሴት ናት። ጭጋግ ነበር። ቱሉ ዲምቱን አለፉ፣ አቃቂ ገቡ። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወልደሚካኤል ፍሬቻ አላበራም፣ ፍሬንም አልያዘም። እየነዳ አለፈ።

አስቴር መንገድ የተዘጋ መስሏት ዞሮ ይመጣል ብላ ዝም አለች። ልጆቹም ዝም አሉ፤ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው፣ በኋላ ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለነበር አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው። ቃሊቲ ሲደርሱ አስቴር ከበሩ ጮክ ብላ «ጋሽ ወልዴ፣ ወዴት ነው?» አለችው። አልሰማትም። አእምሮው ውስጥ ምን እንደነበር በኋላ ሲጠይቁትም መናገር አልቻለም። መንገዱን እያየ ነበር፤ የጭነት መኪናዎቹን በደንብ ይቀድማል፣ እግረኛ ሲያይ ይቆማል። አነዳዱ እንከን አልነበረውም።

ሳሪስ አቦን አልፎ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ፌርማታው ላይ ቆመ። የፊቱን በር ከፈተ። ጠበቀ።

ማንም አልወረደም። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ክላክስ አደረገ። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ትልልቆቹ ልጆች እርስ በእርስ ተያዩና እየተሳሳቁ ወረዱ፤ ሱቅ ያለበት አስፋልት ዳር ላይ ተበተኑ። እሱ አላያቸውም። በመጨረሻ ከፊት የምትቀመጥ የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ሊዲያ የምትባል፣ ቦርሳዋን አቅፋ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«አባባ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትምህርት ቤቱን አልፈነዋል እኮ።»

ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ከጀርባው ያለውን ወንበር አየ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ተቀምጠውበት ብስኩት ይበላሉ።

«አልፈነዋል?» አለ።

«አዎ። ይኼ ሳሪስ ነው።»

«እሺ» አላት። «ሂጂ ተቀመጪ።»

አስቴር የወረዱትን ልጆች እየጮኸች ሰበሰበቻቸው። እነሱም ሲገቡ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ካርዳቸውን ማሽኑ ላይ አስጠጉ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። በዚያ ግርግር ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ወልደሚካኤል ዞሮ ተመለሰ። መንገዱ ግን በዚያ ሰዓት ተጨናንቆ ነበርና ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። በሩ ተቆልፏል። ወልደሚካኤል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ለዘበኛው «ልጆቹ አላጠፉም። እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው» አለው። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ተጠርታ መጣች።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው?» አለችው።

«መኪናው ደህና ነው።»

«ታዲያ የት ነበራችሁ?»

«ሳሪስ አቦ።»

ሴትየዋ ፊቱን አየት አደረገችና ልጆቹን አስገባቻቸው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ካርዱ በቀን ለሁለት ጉዞ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ መሄጃና መመለሻ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ ኮዬ ፈጬ ሊመለሱ ሲሳፈሩ፣ ጠዋት ሳሪስ ወርደው የነበሩት ሁሉ ካርዳቸውን ባስጠጉ ቁጥር ማሽኑ ቀይ አበራ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች በሩ ላይ ተከማቹ። ዝናብም ጀምሯል። አስቴር ወደ ሹፌሩ መጣች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሁለቱንም ጉዟቸውን ጠዋት ጨርሰውታል። ምን ላድርግ? ነገ ሪፖርቱን ሲያዩ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«አስገቢያቸው።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑን ተይው። ሹፌሩ አዘዘኝ በይ።»

ልጆቹ ገቡ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ቀን ወደ ቤቱ የሚሄደው እየሳቀ ነበር። ያን ቀን ግን ልጆቹን አድርሶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ የተረፈ ሽሮ አሙቆ በላና ተኛ።

በማግስቱ የስምሪት ኃላፊው ካሳሁን ቢሮ ጠራው። ካሳሁን በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ፣ አክብሮት የሚያውቅ ሰው ነው። የአስቴር ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከወላጆችም ስልክ ተደውሏል።

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የነዱ ሰው ነዎት» አለው። «መንገድ ጠፋብኝ እንዳይሉኝ። ያው የጽሑፍ መልስ ያስፈልገኛል።»

ወልደሚካኤል ወረቀቱን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ጻፈ። ካሳሁን አነበበው። እንዲህ ይላል፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ማክሰኞ ስለነበር ባለቤቴን ክሊኒክ ላወርድ ሄድኩ።»

ካሳሁን ወረቀቱን አጠፈው። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«እሷ ካረፈች ሁለት ወር አለፋት እኮ፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ አለፋት» አለ ወልደሚካኤል።

ካሳሁን አልቀጣውም። ማስጠንቀቂያም አልጻፈበትም። የሦስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልቶ ሰጠው። ወልደሚካኤል ፈቃዱን አልፈለገውም ነበር፤ ግን አልተከራከረም። ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ የሥራ ልብሱን ይለብሳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከአራተኛ ፎቅ መስኮቱ ሆኖ ሕንፃዎቹን ያያል፤ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ የተተከሉ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ። ልጁ ከአዳማ መጥታ ሁለት ቀን አድራ፣ የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። «የምትፈልገው አለ?» አለችው። «ምንም» አላት። ያን ማታ እሷ ስታለቅስ ሰማ። ተነስቶ በሩ ጋ ቆመ፤ ምን እንደሚባል አላወቀም። ተመልሶ ተኛ።

ፈቃዱ ሲያልቅ እዚያው የተማሪ መስመር ላይ መለሱት። በመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹ ሲሳፈሩ እንደ ወትሮው አልተጋፉም፤ ወሬውን ሰምተዋል። አቃቂ ሲገቡ፣ ትምህርት ቤቱ ሊደርስ አንድ ፌርማታ ሲቀር፣ ሊዲያ ከወንበሯ ሳትነሳ «አባባ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ነው» አለች።

ማንም አላዘዛትም። እሱም አልጠየቃትም። «እሺ» ብሎ ፍሬቻ አበራ። በማግስቱም አለች። በሚቀጥለውም። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ እንደ ፌርማታው ምልክት የታወቀ ነገር ሆነ፤ እሷ ትላለች፣ እሱ እሺ ይላል። ከዚያ በላይ ቃል አልተለዋወጡም። ወልደሚካኤል እንደበፊቱ ነበር፤ ይነዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ልጁ ስትደውል ደህና ነኝ ይላል።

ከገና በዓል በኋላ አንድ ሐሙስ አቃቂ ገቡ። ከትምህርት ቤቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻ ፌርማታ አለፉ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ አለ፣ የሚጠብቀው ቃል ግን አልመጣም። ወልደሚካኤል እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ፍሬቻ አበራ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ በሮቹን ከፈተ። ልጆቹ መውረድ ጀመሩ።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያ በወንበሩ ላይ ዞረ።

«አስቴር» አለ። «ያቺ ልጅ የታለች?»

አስቴር ቀና አለች። ከነሐሴ ወዲህ ስለ ሰው ሲጠይቅ ሰምታው አታውቅም።

«ሊዲያ? ጉንፋን ይዟት ነው መሰል። ትናንት ስታስል ነበር።»

«በጣም ነው?»

«አይመስለኝም። ቤታቸው ከእናንተ ብሎክ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብሎ ነው፤ እናቷን አውቃታለሁ።»

ወልደሚካኤል የመጨረሻው ልጅ እስኪወርድ ጠበቀና በሮቹን ዘጋ።

«ከሥራ ስንወጣ ታሳዪኛለሽ» አላት፤ መኪናውንም ወደ ኮዬ ፈጬ አዞረ።