ለመመንጠር የቀረበ ማመልከቻ

አያቴ ያሠራት ግድብ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ነበረች። ለመስኖ አትሆን፣ ለወፍጮ አትሆን፤ ሰውዬው ውኃ ዳር መቀመጥ ስለሚወድ ብቻ የተሠራች ናት። አባቴም ወርሶ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡን ይዞ ዳርዋ ይቀመጥ ነበር። ዋና የሚችል ይዋኛል፤ እንደኔ ያለው እግሩን ነክሮ ያወራል።

የመሬት አዋጁ ሲመጣ እርሻችን ተከፋፈለ። ግድቧ ግን የገበሬ ማኅበሩን አስቸገረችው። መሬት እንዳትባል ውኃ ናት፤ ትርፍ ቤት እንዳትባል ጣራ የላት። አንዱ «ትርፍ ውኃ ትባል» ብሎ ነበር፤ መመሪያ ስላልተገኘ ቀረና አባቴ እጅ ቆየች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀድሞ የአባቴን መሬት ለእኩሌታ ያርስ የነበረ ጭሰኛ ነው። ስብሰባ ላይ አባቴን «አንተ» ይለዋል፤ መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲገናኙ ግን «እንዴት አደሩ» ይላል።

የአፈር ግድብ ጠላቱ ዛፍ ነው። ጀርባው ላይ የበቀለ ሥሩ አፈሩን ይበሳና ለውኃ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ አባቴ በየግንቦቱ ግራሩንና ቀጋውን ይመነጥር ነበር። አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ግን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ተከለከለ። ከቤተሰቡ አስተማሪው እኔ ነኝና ማመልከቻውን ጻፍሁለት፦ «በግድቡ ላይ የበቀሉትን ከነሥራቸው ለመመንጠር እንዲፈቀድልኝ።» አጻጻፌ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

በዚያ ዘመን ምንጠራ የዛፍ ቃል መሆኑ ቀርቶ ነበር። ራዲዮው የሚያስመነጥረው ፀረ አብዮት የተባለን ሰው ነው። ጋዜጣ አንባቢ ነኝ እያልሁ ይህ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

አባቴ ማመልከቻውን ይዞ የማኅበሩ ስብሰባ ፊት ቆመ።

«ምንጠራ የአብዮቱ ሥራ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «አንተ ማን ነህና ነው የምትመነጥረው? ደግሞ ከነሥራቸው!»

«ግራሩን ነው» አለ አባቴ።

«ሌላስ ማን አለ?»

«ቀጋም አለ።»

ጸሐፊው ሁለቱንም መዘገበ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ እሱም ተመዘገበ።

ጉዳዩ ወደ ወረዳ ተላለፈ። መልስ እስኪመጣ ማንም ግድቧ ጋ ድርሽ እንዳይል ተብሎ ጠባቂ ቆመ፤ ግራሩን ከአባቴ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። አባቴ ሰኔን ሙሉ ከሩቅ ቆሞ በጀርባዋ የሚንጠፈጠፈውን ውኃ ሲያይ ከረመ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ስለው «ቃሉ እኮ ልክ ነው» ይለኛል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ግድቧ ተደረመሰች። ሰው አልጎዳችም፤ ከታች ያለውን የማኅበሩን የጋራ ማሳ ግን ከነዘሩ ጠርጋው ሄደች።

የወረዳው መልስ መስከረም ላይ ደረሰ። ተፈቅዷል፤ ሆኖም «መመንጠር» የሚለው «መቁረጥ» ተብሎ ይታረም። ሊቀ መንበሩ ራሱ አምጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይኸው ተፈቀደልዎ» አለ።

አባቴ ወረቀቱን ሳያነብ መጥረቢያውን ይዞ ወረደ። ደርሼ ሳየው ከፍርስራሹ ላይ ግራር ይነቅላል።

«አባባ፣ ውኃው ከሄደ ወዲያ ምን ይጠቅማል?»

ቀና አላለም። «እስካሁን ያልነካኋት ከልክለውኝ ነው። ከዛሬ ወዲያ ባልነካት ግን የተውኋት እኔ ነኝ።»