ስጥ ጠባቂው

ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ ፀሐይ የምትወጣው በስንት ልመና ነው። ያን ቀን ወጣች። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ጠላ ያዘጋጀችውን ብቅል ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አሰጣችና «ልጄ፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ስጡን ጠብቅልኝ» ብላኝ ሄደች።

እኔም የፀሐይ ብርሃን ማጣሪያ የገጠምኩላትን፣ እናቴ «መነጽር» የምትላትን ትንሿን ቴሌስኮፔን ከስጡ አጠገብ አቁሜ፣ ሳምንት ሙሉ ደመና የከለከለኝን የፀሐይ ጥቁር ነጥቦች መቁጠር ጀመርኩ። በዚያች ቱቦ ውስጥ ከፀሐይ በቀር ሌላ ሰማይ አይታይም። ደመናው መምጣቱን ያወቅሁት ፀሐይዋ ድንገት ስትጠፋብኝ ነው። ዶፉ ወረደ። መጀመሪያ አቅፌ ወደ ቤት ያስገባሁት ምኑን ነው? ቴሌስኮፔን! ስመለስ ብቅሉን ጎርፍ ይዞት ሄዷል።

እናቴ በስብሳ ገባች። ባዶውን ሰሌን አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ምነው በተቆጣችኝ!

«ዝናቡ መነጽርህን አላረጠበብህም አይደል?» አለችኝ።