አጎቴ ስለ አዞ የተማረበት ሳምንት

ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ዋንዴገያ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ገና ከማሽኑ የወጣ ትኩስ ወረቀት ሲሰጡኝ ዛሬም ያ የፈተና ሳምንት ይመጣብኛል። ያን ጊዜ የአዞን ዝግመተ ለውጥ ማስታወሻ ያባዛሁት እዚሁ ሰፈር ነበር፤ ሽታውም ይኸው ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ኪቡሊ በሚባል ሰፈር፣ ሱቅ ካለው አጎቴ ጋር ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከወሎ ወደዚህ አገር የመጣ፣ ለትምህርቴ ክብር እንጂ ጆሮ ያልነበረው ሰው። በፈተናዬ ሳምንት ግን ከመግሪብ ሰላት መልስ ሱቁን ለሠራተኛው እየተወ አጠገቤ ይቀመጥና የዛሬውን አስረጂኝ ይለኝ ጀመር። ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

አስረዳሁት። የአዞ የጥንት ዘመዶች ሁሉ ወንዝ ዳር የሚጋደሙ አልነበሩም። ረጃጅም እግር ኖሯቸው በየብስ የሚሮጡ ነበሩ፤ ቅጠል የሚበሉ ነበሩ፤ እግራቸው መቅዘፊያ ሆኖላቸው ባሕር የገቡም ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ለአዞ የሚቀርበው እንሽላሊት ሳይሆን ወፍ ነው ስለው፣ ዶሮም ይጨምር እንደሆነ ጠየቀኝ። ይጨምራል አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና ሳቁን ድንገት አቋረጠ። ከውጭ ሰው የሚያመላልሱት የቦዳ ሞተሮች ይጮኻሉ።

"ያለቁት የአዞ ዘመዶችስ ምን አጥፍተው ነው?" አለኝ።

"ምንም አላጠፉም።"

ራሱን ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ዞረ። ፈተና ከመግባቴ በፊት የእናቴን ምርቃት መስማት ፈልጌ ብደውል ስልኳ ዝግ ነበር። አጎቴ፣ ገጠር ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አለኝ። አመንኩት።

የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ከአጎቴ ኋላ የሰፈራችን የወሎ ሰዎች ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? እናቴ ከሞተች ሳምንቷ ነበር። መርዶው ከፈተና በኋላ ይሁን ብለው ተማክረው ደብቀውኛል። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔን እንባ እምቢ አለኝ፤ የወለሉ ቅዝቃዜ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከሰዓት አጎቴ መጥቶ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እሱም አላለቀሰም። ሳምንቱን ሙሉ የእኅቱን ሞት ውጦ ስለ አዞ ሲጠይቀኝ የሰነበተው ወሬው ወደ እናቴ እንዳይዞርብኝ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ልቆጣው ፈለግኩ፤ ቁጣውም አልመጣልኝም።

"የአዞው ጥያቄ መጣ?" አለኝ በቀስታ።

ስለ አዞ አንድም ጥያቄ አልነበረም።

"መጣ አጎቴ። ሁሉንም ሠራሁት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ገና ያኔ ማልቀስ ጀመረ።